ብልሹ የፍሳሽ ክዳን ሸሽቶ የተገጨ ብስክሌተኛ፦ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ጥያቄዎን ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ላስቀምጠው። ማለዳ በደረቅ አስፋልት ላይ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄዱ በመንገዱ ጠርዝ የተገጠመ የጎርፍ ማስወገጃ የብረት ፍርግርግ ክዳን ያጋጥምዎታል። የፍርግርጉ ብረቶች ከጉዞዎ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 35 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ጎማዎ ስፋት ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው እንዳይሰነቀር ወደ መሀል ፈቀቅ ሲሉ፣ ከኋላ ደርቦ ሊያልፍ የነበረ የዕቃ ማመላለሻ መኪና በስፖኪዮው ክንድዎን ይመታል፤ ይወድቃሉ፤ የትከሻዎ አጥንት ይሰበራል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አደጋው የደረሰው ብስክሌተኛው በድንገት ወደ መሀል በመግባቱ ነው ይላል። የመኪናው መድን ሰጪም ይህንኑ ይዞ፣ መንገዱ የብስክሌት መስመር እንደሌለውና እርስዎም የራስ ቁር እንዳላደረጉ ጨምሮ በመጥቀስ ኃላፊነት የለብኝም ብሏል፤ ሆኖም ሰነድ ፈርመው ጉዳዩን ከዘጉት መጠነኛ ገንዘብ ሊሰጥዎ ፈቃደኛ ነው። የጠየቁት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነው፤ እርስዎ፣ አሽከርካሪው ወይስ መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል።

የእኔ ሙያ የትራፊክ አደጋ ምርመራ ስለሆነ መልሴ በአብዛኛው ማስረጃው እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳ ይሆናል፤ የመጨረሻውን የሕግ ምክር አደጋው የደረሰበትን አገር ሕግ ከሚያውቅ ጠበቃ ያገኙታል። አስቀድሜ የምነግርዎ ግን ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ እንደማይገደዱ ነው። በአንድ አደጋ ውስጥ የአሽከርካሪው ኃላፊነት፣ የመንገድ አስተዳዳሪው ኃላፊነትና የተጎጂው አስተዋጽኦ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአንዱ መኖር ሌላውን አያጠፋም። ፖሊሱ የመዘገበው ማን ወደ ማን እንደሄደ ነው፤ ወደ መሀል የሄዱበት ምክንያት ግን እዚያው መሬት ላይ ተገጥሞ ሳለ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም። ይህን ጉድለት ማሟላት የእርስዎ ሥራ ነው፤ ጊዜም የለዎትም፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት አደጋ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው የመንገዱ ማስረጃ ነው። በመኪናው ላይ ያለው ጭረት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ የሕክምና ሰነድዎም በመዝገብ ይኖራል፤ ፍርግርጉን ግን ሁለት ሠራተኞች መጥተው በግማሽ ሰዓት ሊቀይሩት ይችላሉ። መቀየሩ ለቀጣዩ ብስክሌተኛ መልካም ነው፤ ስለዚህ እንዳይቀየር አይመኙ፤ ከመቀየሩ በፊት ግን በሚገባ ያስለኩትና ፎቶ ያስነሱት።

የፎቶው አነሣሥ ቀላል ነገር አይደለም። ከክዳኑ በላይ ጎንበስ ተብሎ የተነሣ ፎቶ ክፍተቱን ያጎላዋል፤ የተከራካሪው ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄም ይህ ነገር ከብስክሌት ላይ ሆኖ ምን ያህል ይታያል የሚል ይሆናል። ስለዚህ በጉዞዎ አቅጣጫ፣ ብስክሌት ላይ በተቀመጠ ሰው የዓይን ከፍታ፣ ከ30፣ ከ20 እና ከ10 ሜትር ርቀት ይነሣ፤ የፀሐዩና የጥላው አቀማመጥ እንዲመሳሰልም አደጋው በደረሰበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ሜትር ተዘርግቶ የክፍተቱ ስፋት፣ የክዳኑ ርዝመትና ስፋት፣ ክዳኑ ከአስፋልቱ በታች ምን ያህል እንደወረደ፣ እንዲሁም ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ርቀት ቁጥሩ እየተነበበ ይነሣ። ቦታው በኋላ እንዳያከራክር ቁጥር ያለው የመብራት ምሰሶ ወይም የማይንቀሳቀስ ሌላ ምልክት በአንዱ ፎቶ ውስጥ መግባት አለበት።

ክዳኑ ካሬ ከሆነ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይመልከቱ። ካሬ ክዳን በፍሬሙ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ይገጥማል፤ በመሆኑም መጀመሪያ ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው እንዲያርፉ ተደርጎ የተቀመጠ ክዳን፣ ቦዩን ለማጽዳት ተነሥቶ ሲመለስ ሩብ ዙር ዞሮ ሊገባ ይችላል። በአካባቢው ያሉትን ሌሎች ክዳኖች ፎቶ ማንሣት ይህን ያጋልጣል፤ ሁሉም አግድም ሆነው እርስዎ የገጠመዎት አንዱ ብቻ ትይዩ ከሆነ፣ ጉዳዩ የዲዛይን ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የጥገና ስሕተት ይሆናል፤ በሕግ ፊት ያለውን ልዩነት ከታች አብራራለሁ። ሌላው የሚታይ ነገር የአስፋልቱ ንብርብር ነው። መንገዱ በላይ በላዩ አስፋልት ሲለብስ ፍሬሙ ከፍ ካልተደረገ ክዳኑ በነበረበት ይቀርና በዙሪያው ደረጃ ይፈጠራል። የዚያ ደረጃ ጠርዝ በጎማ ተፈግፍጎ ለስልሶና ተሸራርፎ ከሆነ፣ ብረቱም ዝጎ በክፍተቶቹ ውስጥ የተጠቀጠቀ አፈር ሣር ካበቀለ፣ ጉድለቱ የትናንት አለመሆኑን ይናገራል። እንደ ጎግል ስትሪት ቪው ያሉ የጎዳና ምስል መዝገቦች በብዙ ከተሞች የቀደሙ ዓመታትን ምስሎች ከነወርና ዓመታቸው ይይዛሉ፤ ክዳኑ ከሦስት ዓመት በፊትም እንደዚያው ተቀምጦ ከታየ፣ የመንገድ አስተዳዳሪው አላወቅሁም ለማለት እጅግ ይቸግረዋል።

አሁን በሪፖርቱ ላይ ወደተጻፈው ድንገተኛ እንቅስቃሴ ልምጣ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ ነግረውኛል፤ ይህ በሰከንድ 5 ሜትር ነው። የብረቶቹን አቅጣጫ የለዩት 10 ሜትር ያህል ሲቀርዎ ከሆነ፣ ክዳኑ ላይ እስኪደርሱ የነበርዎ ጊዜ 2 ሰከንድ ነበር። ሰው ያልጠበቀውን አደጋ አይቶ፣ ተረድቶና ወስኖ እጁን እስኪያንቀሳቅስ በተለምዶ ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። የሚተርፈው ጊዜ ዞሮ ኋላን ለማየትና እጅ ዘርግቶ ምልክት ለመስጠት አይበቃም፤ ጠንከር ያለ የፊት ፍሬን መያዝም ራሱ ሊጥል ይችላል። በሌላ በኩል አሽከርካሪው በተፈቀደው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳ ከነበረ፣ ከእርስዎ ጋር ያለው የፍጥነት ልዩነት 32 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለና ያልተከለለ በመሆኑ 100 ሜትር ሲቀረው ሊያይዎ ይችል ነበር፤ እስኪደርስብዎም 11 ሰከንድ ያህል ነበረው። አንደኛው ወገን ሁለት ሰከንድ፣ ሌላኛው አሥራ አንድ ሰከንድ ነበረው፤ ጥንቃቄ የሚመዘነው ይህን ልዩነት ከግምት አስገብቶ ነው፤ ሪፖርቱ ግን ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ውስጥ አጨናንቆ አስቀምጧቸዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚበረታው ማስረጃዎ ግን የስፋት ስሌቱ ነው፤ ጠበቃዎ በደንብ እንዲይዘው ስለምፈልግ ዘርዘር አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የመስመሩ ስፋት 3 ሜትር ከ20 መሆኑን ለክተዋል። ብስክሌተኛ ከመንገዱ ጠርዝ 75 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢነዳ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በታች ከጠጋ ፔዳሉ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ይነካካል፣ ብልሽትና ፍርስራሽም የሚከማቸው እዚያው ነው። ከጎማው መስመር እስከ ክርንዎ ጫፍ 35 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ፣ ሰውነትዎ ከጠርዙ 1 ሜትር ከ10 ድረስ ይይዛል። አሽከርካሪው 1.5 ሜትር ክፍተት ቢተውልዎ 2 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ከነስፖኪዮዎቹ 2 ሜትር ከ30 የሚሆን የዕቃ መኪና ሲጨመር ድምሩ 4 ሜትር ከ90 ነው። ስለዚህ በሥርዓት ሊያልፍዎ ቢፈልግ ኖሮ 1 ሜትር ከ70 ያህል ወደ ጎረቤቱ መስመር መግባት፣ ከፊት የሚመጣ ካለም ፍጥነቱን ቀንሶ ከኋላዎ መጠበቅ ነበረበት። ምንም ክፍተት ባይተው እንኳ ሁለታችሁ 3 ሜትር ከ40 ስለምትይዙ በዚያ መስመር ውስጥ ጎን ለጎን አትገቡም። አሽከርካሪው መስመሬን አልለቀቅሁም ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ከሆነ፣ ይህ ቃል እርሱን የሚደግፍ መስሎ የሚጎዳ ነው።

የስሌቱ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ክዳኑን ለማለፍ የሚያስፈልገው ፈቀቅታ ቢበዛ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 1.5 ሜትር ክፍተት ተትቶ ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ 60 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ካሉ በኋላም 90 ሳንቲ ሜትር ይተርፍ ነበር፤ ስፖኪዮው ክንድዎን ሊነካው አይችልም ነበር። በመሆኑም መነካካቱ ራሱ የተተወው ክፍተት ከ60 ሳንቲ ሜትር እንዳልበለጠ ያመለክታል። ተከራካሪው ይህን ሊያፈርስ የሚችለው እርስዎ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ወደ መሀል እንደገቡ ካስረዳ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው የወደቁበት ቦታ፣ የብስክሌቱ ፍንጣሪዎችና በአስፋልቱ ላይ የቀረው የፔዳል ጭረት ከጠርዙ ያላቸው ርቀት በፖሊሱ የአደጋ ፕላን ላይ መኖር አለመኖሩን ዛሬውኑ ማረጋገጥ ያለብዎት። የፕላኑን ቅጂ የመጠየቅ መብት በአብዛኛው ለተጎጂው የተሰጠ ነው።

ደርቦ ማለፍን በተመለከተ ሕጎች በዝርዝር ቢለያዩም ሐሳባቸው ይቀራረባል። የ1968ቱ (ሁሉም ዓመታት ለብቻ ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 11 ደርቦ የሚያልፍ አሽከርካሪ ለሚታለፈው በቂ ስፋት እንዲተው፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ በሚታየው ርቀት ውስጥና ሊገመት ከሚችል መሰናክል በፊት መቆም በሚያስችለው ፍጥነት እንዲነዳ ያዛል። ጀርመን ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር በቁጥር ደንግጋለች፤ የፈረንሳይ ሕግ በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ይጠይቃል፤ ስፔንም 1.5 ሜትር ትላለች። ሃይዌይ ኮድ የተባለው የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ብስክሌተኞች ከመንገድ ብልሽትና ከፍሳሽ ክዳን ለመሸሽ በድንገት አቅጣጫ ሊለውጡ እንደሚችሉ ክዳኑን በስም ጠርቶ አሽከርካሪዎችን ያስጠነቅቃል። የክፍተቱ ዓላማም ይኸው ነው፤ ብስክሌተኛ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ የታወቀ ስለሆነ ለዚያ የተቀመጠ ቦታ ነው። አሽከርካሪ ያን ቦታ ከወሰደ በኋላ ብስክሌተኛው ቦታውን ተጠቀመበት ብሎ ሊከስ አይገባውም።

የአሽከርካሪው ጥፋት መረጋገጥ ግድ መሆኑ ራሱ በአደጋው አገር ሕግ ይወሰናል። በኔዘርላንድስ የ1994ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ብስክሌተኛን ወይም እግረኛን ሲጎዳ፣ ባለቤቱ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላስረዳ በቀር ኃላፊ ነው፤ ተጎጂው ከ14 ዓመት በታች ከሆነ ሙሉ ካሳ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ራሱ ቢያጠፋ እንኳ በመርሕ ደረጃ ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። የፈረንሳይ የሐምሌ 5 ቀን 1985 ሕግ ከዚህም ይሻገራል፤ ብስክሌተኛ በአካሉ ለደረሰበት ጉዳት የሚከፈለው ካሳ የሚቀርበት፣ የፈጸመው ጥፋት ይቅር የማይባል ከሆነና የአደጋውም ብቸኛ ምክንያት እርሱ ከሆነ ብቻ ነው። በጀርመን የተሽከርካሪው ባለቤት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ካልገጠመው በስተቀር ኃላፊ ነው፤ ካሳው ግን በተጎጂው ጥፋት መጠን ሊቀነስ ይችላል። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪን ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ጥፋት የለብኝም በማለት ብቻ አያመልጥም። በእንግሊዝ ግን የአሽከርካሪውን ቸልተኝነት የማስረዳት ሸክም በተጎጂው ላይ ይወድቃል፤ ከላይ ያስቀመጥኩት ስሌት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው በእንዲህ ዓይነት አገር ነው።

ጥቂት አስተዋጽኦ ሁሉንም ያሳጣል የሚለው ሥጋት በአብዛኛው አገር ጊዜው ያለፈበት ነው። እንግሊዝ በ1945 ባወጣችው ሕግ ፍርድ ቤቱ ካሳውን እንደ ጥፋቱ ድርሻ እንዲቀንስ እንጂ እንዲከለክል አላደረገችም። በአሜሪካ አላባማ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይናና ቨርጂኒያ የድሮውን ጥብቅ ደንብ እንደያዙ ሲሆን፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ2016 ባወጣው ሕግ እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ከዚያ ደንብ አውጥቷል። አደጋው ከእነዚህ ግዛቶች በአንዱ ካልደረሰ፣ በእርስዎ ላይ ጥቂት ጥፋት ቢገኝ ውጤቱ የካሳ ቅነሳ ነው።

የመንገድ አስተዳዳሪውን ኃላፊነት ማስረዳት የአሽከርካሪውን ከማስረዳት ይልቅ ይከብዳል፤ ሰዎችም ብዙውን ጊዜ የሚተዉት ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤቶች በመጀመሪያ የሚለዩት ጉዳዩ የፖሊሲ ውሳኔ ነው ወይስ የጥገና ግዴታ የሚለውን ነው። መንግሥት በዚህ ጎዳና ላይ የብስክሌት መስመር ለምን አልሠራም የሚል ክስ በአብዛኛው አይሳካም፤ ውስን በጀትን የት ማዋል እንደሚገባ መወሰን የዳኛ ሥራ አይደለምና። የተሠራውን መንገድ ለተጠቃሚ ወጥመድ እንዳይሆን አድርጎ መጠበቅ ግን ግዴታ ነው። ለዚህ ነው ክዳኑ በጥገና ጊዜ ዞሮ መቀመጡን ማወቅ ክርክርዎን ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው።

ቀጥሎ የሚነሣው የማስረዳት ሸክም ነው። በፈረንሳይ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤቶች የመንገድ ተጠቃሚ የሆነ ተጎጂ ጉዳቱ ከመንገዱ ጉድለት ጋር ያለውን ግንኙነት ካሳየ፣ መንገዱ በአግባቡ ይጠገን እንደነበር ማስረዳት ያለበት አስተዳደሩ ነው። የእንግሊዝ የ1980 የአውራ ጎዳናዎች ሕግ በአንቀጽ 41 የመጠገን ግዴታን ይጥልና በአንቀጽ 58 ለአስተዳዳሪው መከላከያ ይሰጠዋል፤ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን፣ በተግባርም ምክንያታዊ የቁጥጥርና የጥገና ሥርዓት እንደነበረውና እንደተከተለው ካስረዳ ነጻ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚጠየቀው ሰነድ የቁጥጥር መዝገቡ ነው፤ ጎዳናው በየስንት ጊዜው ይታይ እንደነበረ፣ መጨረሻ የታየው መቼ እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪው ክዳኑን አይቶ ምን እንደጻፈ። ተቆጣጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጎዳናውን ከመኪና ውስጥ ሆነው እንደሚያዩት አስተውያለሁ፤ የመኪና ጎማ የማይሰማውን ክፍተት የሚመዘግብ የለም። ይህን በክርክር ውስጥ ማንሣት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በሕጓ ጉድለቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገራት በቀር በአብዛኛው አትጠየቅም፤ ይህን ለማለፍ ጠበቆች በራሳቸው ወጪ ድርጅት አቋቁመው የጎዳናና የእግረኛ መንገድ ጉድለቶችን በካርታ እየመዘገቡ ለከተማዋ ያስገቡ ነበር። ካርታ ባይኖር እንኳ በአካባቢው ነዋሪ የተጻፈ አንድ አቤቱታ ቀን ካለው ትልቅ ዋጋ አለው፤ የአካባቢውን ሱቆችና ነዋሪዎች ከእርስዎ በፊት እዚያ የወደቀ ሰው እንዳለ መጠየቅ አይርሱ።

መድን ሰጪው ያነሣው የብስክሌት መስመር አለመኖር ሁለት የተለያዩ መልሶች አሉት። ከአሽከርካሪው ጋር ባለው ክርክር ዋጋ የለውም። ብስክሌት በቪየናው ስምምነት ተሽከርካሪ ነው፤ ክልከላ በሌለበት መንገድ ላይ መገኘቱ ጥፋት አይደለም። ከመንገድ አስተዳዳሪው ጋር ባለው ክርክር ግን በአንዳንድ ቦታ ከባድ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል መናገር አለብኝ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998፣ ጎማው በጥገና ላይ በነበረ ድልድይ ሳንቃዎች መካከል የተሰነቀረበትን ብስክሌተኛ ጉዳይ ሲወስን፣ ብስክሌተኛ በመንገዱ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ቢሆንም መንገዱ የታሰበለት ተጠቃሚ አይደለም፤ የብስክሌት ምልክት ወይም መስመር ስለሌለም አስተዳደሩ የጥንቃቄ ግዴታ የለበትም ብሏል። በ2023ም በቺካጎ የመንገድ ጉድጓድ ጉዳይ ላይ በዚሁ አቋም ጸንቷል። ውሳኔውን አክብሬ በውጤቱ ግን አልስማማም፤ ብስክሌተኛን በመንገዱ ሂድ ብሎ ፈቅዶ መንገዱ ለእርሱ እንዳይመች መተው፣ መስመር ላልሠራ አስተዳደር ሽልማት ይሰጣል። የስዊድን ፓርላማ በ1997 ያጸደቀው የዜሮ ሞት ራዕይ ከዚህ በተቃራኒ ይነሣል፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርምና፣ ስሕተቱ ለሞትና ለከባድ ጉዳት እንዳይዳርግ አድርጎ መንገዱን የመሥራት ኃላፊነት የሠሪውና የአስተዳዳሪው ነው ይላል።

መስመር መቀባት ብቻውንም ቢሆን አያስመካም። ብዙ ጊዜ ቀለሙ የሚቀባው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ስለሆነ፣ ብስክሌተኛውን በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ክዳኖቹ ይመራዋል። ጠርዙ ላይ አንድ ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መስመር ቀብቶ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሜትሩን ለክዳን የሰጠ መንገድ፣ ብስክሌተኛውን በየጥቂት ሜትሩ ከመስመሩ እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ አሽከርካሪው ደግሞ ነጩን መስመር አይቶ ብስክሌተኛው ከዚያ አይወጣም ብሎ ይተማመናል። ክዳኑን አግድም ብረት ባለው መተካት ወይም የውሃ መግቢያውን በጠርዙ ድንጋይ ጎን ማድረግ ከመቀባቱ በፊት መሠራት የነበረበት ነገር ነው።

የራስ ቁሩን በተመለከተ ነጥቡ አጭር ነው። የራስ ቁር ማድረግን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ነገር ግን የራስ ቁር የተሰበረ ትከሻን አያድንም። ካሳ የሚቀነሰው ጉዳቱን ባባሰ ግድፈት ነው፤ የራስ ቁር ባለማድረግ ምክንያት ለተሰበረ ትከሻ የሚከፈል ካሳ ሊቀነስ የሚችልበት መንገድ የለም። የራስ ጉዳት ቢኖር እንኳ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይወሰንም። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በሰኔ 2014፣ የቆመ መኪና በር ተከፍቶባት ወድቃ ራሷን የተጎዳችን ብስክሌተኛ ጉዳይ አይቶ፣ የበታቹ ፍርድ ቤት 20 በመቶ የቀነሰውን ውሳኔ ሽሯል፤ አደጋው በደረሰበት በ2011 ለዘወትር ጉዞ የራስ ቁር ማድረግ አጠቃላይ ልማድ አልነበረም በማለት። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 የራስ ቁር አለማድረግ አስተዋጽኦ ሊሆን እንደሚችል ቢቀበልም፣ የራስ ቁሩ ጉዳቱን ይቀንሰው እንደነበር ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው ብሎ፣ ስላላስረዳ ካሳውን አልቀነሰም። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 1078 የራስ ቁርን በጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚፈትነው በሰከንድ 5.42 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ሲመታ ነው፤ ከዚያ በላይ ስለሚሆነው ለመናገር የባለሙያ ማስረጃ ያስፈልጋል እንጂ የመድን ድርጅት ደብዳቤ አይበቃም።

የፖሊስ ሪፖርቱ ፍርድ አይደለም። ፖሊሱ በቦታው ያልነበረ ከሆነ ስለ እንቅስቃሴው የጻፈው ከአሽከርካሪው የሰማውን ነው፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት በአምቡላንስ ውስጥ ስለነበሩ ቃልዎ አልተካተተም። ተጨማሪ ቃል ለመስጠት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ልኬቶቹንና ፎቶዎቹን ያያይዙ፤ የተቀበለዎትን ቅጂ በቀንና በማኅተም ይያዙ። አሽከርካሪው በወንጀል ባይከሰስ ወይም ነጻ ቢወጣ፣ በአብዛኛው ሥርዓት የፍትሐ ብሔር ካሳ ጥያቄዎን አይዘጋም፤ ሁለቱ የሚጠይቁት የማስረጃ መጠን የተለያየ ነው።

ጊዜን በተመለከተ ከአሽከርካሪው ይልቅ የመንገድ አስተዳዳሪው ይርጋ፣ ማለትም ጥያቄ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ እንዲያሳስብዎ እፈልጋለሁ። በመንግሥት አካላት ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተለየና አጭር የማሳወቂያ ጊዜ አለው፤ በኒው ዮርክ ለምሳሌ ከአደጋው ቀን ጀምሮ 90 ቀናት ብቻ ናቸው፤ በፈረንሳይ ግን አራት ዓመት ነው። ማሳወቂያው የጠበቃ ረጅም ክርክር አይፈልግም፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የክዳኑ ልኬት፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ እንዲሁም የቁጥጥርና የጥገና መዝገቡ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ካለበት በቂ ነው። በመንገዱ ጥግ የቆመ የደኅንነት ካሜራ ካለ ባለቤቱን ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ ብዙዎቹ ምስሉን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በላዩ ላይ ይቀዱበታል። ብስክሌቱንም ሳይጠግኑና ሳያጥቡ ያስቀምጡት።

የቀረበልዎትን ገንዘብ አሁን ተቀብለው እንዳይፈርሙ እለምንዎታለሁ። እንዲህ ያሉ ሰነዶች በአብዛኛው ከአደጋው የሚመነጭ ማንኛውንም ጥያቄ በሙሉ ትቻለሁ የሚል ቃል አላቸው፤ በአንዳንድ አገር ሕግም ከአንዱ ተባባሪ ኃላፊ ጋር የተደረገ እንዲህ ያለ ስምምነት ሌላውንም፣ ማለትም የመንገድ አስተዳዳሪውን፣ ነጻ ሊያወጣ ይችላል። ትከሻዎ ምን ያህል እንደሚመለስ ሐኪሙ ገና አልወሰነም፤ ቋሚ የአካል ጉድለት መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ የሚፈረም ስምምነት በግምት የተቆረጠ ዋጋ ነው። ለመድን ሰጪው፣ የሕክምናው ውጤት ሲታወቅና ለመንገድ አስተዳዳሪው የተላከው ማሳወቂያ መልስ ሲያገኝ ለመነጋገር ዝግጁ መሆንዎን፣ እስከዚያው ግን ለሕክምና ወጪ ቅድሚያ ክፍያ እንዲፈጽም የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ይጻፉለት፤ የስፋት ስሌቱንም ከነሥዕላዊ መግለጫው ያያይዙለት።